ቅምሻ

የጥቅምት ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት፣ ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪና ተኮልኩሏል፤
ዳምጠው መሪ ይዞ «ለዛሬ አምቦ ውሃ ብቻ» ብሎ ምሏል።
የውብዳር ከኋላ ጫማዋን አውልቃ
ብርቱካን ትልጣለች በጥፍሯ ፈልቅቃ።
«አቤት ሽታው!» ሊል ጀመረ ዳምጠው፤
በመስተዋቱ አየኝና ቃሉን ዋጠው።

ያ የሳል ዓመት ሲያልፍ ሌላው ሰው ቀበረ፤ እኔ ሽታ ቀበርኩ።
ለአፍንጫ ድንኳን አይጣልም፤ ብቻዬን ተቀመጥኩ።
ሦስት ክረምት ዘነበ፣ «መሬቱ ሸተተ» የሚል ቃል ሳይወጣኝ፤
ሽሮ ማረሩን የማውቀው ጎረቤት በአጥር ሲጠራኝ።

ከዱከም አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ሽምብራ ለቆ ከወጣው ጥቁር መሬት፣
ወይኑ በሽቦ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥቶ ጠበቀን።
ሲፈን የምትባል ልጅ፣ በጎማ ቦቲ፣
እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ጨበጠችን።
«አዙሩት፤ አሽትቱ፤ ጎንጨት አድርጉ፤ ከዚያ ትፉ፤
ነውር የለውም፣ ለዚሁ ነው ባልዲው የተቀመጠው ከደጃፉ።»
የውብዳር አልተፋችም። «የከፈልኩበትን?» አለች።
ዳምጠው አምቦ ውሃውን ይዞ
ባዶውን ባልዲ በሐዘን አየው።

እኔም እንደ ሰው አዞርኩ። እንደ ሰው አፍንጫዬን ደቀንኩ።
ቀዝቃዛ። ጎምዛዛ። ሌላ የለም።
እንደ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።
«እሺ፣ ምን ምን ይላል?» አለች ሲፈን፣ እስክሪብቶ ይዛ።

«ይሄ ነጩ፣» አለች የውብዳር ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣
«የቂርቆሱ ቤታችን፣ የመጀመሪያው ክረምት ማታ፣
ቆርቆሮው ሲያፈስ ሳፋ የደቀንንበት፤
የሳፋው ውሃ ነው፣ ሎሚ የተጨመረበት።»

«ሁለተኛውስ?»

«የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ፤
ሙዝ ሰኞ ገብቶበት እስከ ዓርብ የተረሳ።»
ሲፈን ሳቀች፤ ከወረቀቷ ላይ «እንጆሪ» የሚለውን ሰረዘች።

ሦስተኛው ቀይ ነው። የውብዳር ዓይኗን ጨፈነች፤ ቆየች።
«የአባትህ ኮት፣» አለች፣ «ካረፉ በኋላ
አንገትጌው ላይ የቀረው ገላ።
ትንባሆ፤ ዝናብ የነካው ሱፍ፤ ከኪሱ ውስጥ ቅርንፉድ።»
ያን ኮት ለዘበኛው በእጄ ነው የሰጠሁት፤
እሷ ቀድማ አሽትታው እንደነበር ዛሬ ሰማሁት።

«አራተኛውስ?»
«እኔ እንጃ። ወይን ወይን ይላል።»

ሦስት ጠርሙስ ገዛን፤ ሁለቱ ነጭ፣ አንዱ ያ ኮት።
ዳምጠው ዋጋውን ሰምቶ ሌላ አምቦ ውሃ አዘዘ።

ማምሻውን ስንመለስ ጠርሙሶቹ ከእግሬ ሥር ይንኳኳሉ፤
የውብዳር ተኝታለች፤ ከንፈሮቿ ትንሽ ቀልተዋል።
አቃቂ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ።
ከቆዳ ፋብሪካው በኩል ነፋስ ተነሣ።
«ኡፍ! ዝጉት! መስኮቱን ዝጉት!» ዳምጠው ጮኸ፤
የውብዳር ነቃች፤ ሻርፗን ጎትታ አፍንጫዋ ላይ ጫነች።

እኔ ግን፣
አንድ ነገር፣ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ በር ቆረቆረ።
ስስ ነው። ክፉ ነው።
ኖራ፣ የከረመ ቆዳ፣ የበሰበሰ ውሃ፣
አንድ በአንድ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ፣ እየተጎነበሰ ገባ።
መጀመሪያ በዓይኔ በኩል የመጣ መሰለኝ፤
ጉንጬ ርሶ ነበር።

«ክፈቱት» አልኩ።
«አበድክ?»
«ክፈቱት! ይገማል!
ዳምጠው፣ በእናትህ ቀስ በል፣ አትለፈው፣ ይገማል!»

የውብዳር አየችኝ።
ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች።
ከዚያ በእሷ በኩል ያለውን መስኮት፣
እጀታው የላላውን፣
እየታገለች እስከ ታች ከፈተችው።